የኢንዶስኮፒ ቤት ስትመርጡ ቱቦው የሚታጠብበትን ክፍል ጠይቁ

ባሕር ዳር ላይ ኢንዶስኮፒ የት ይሻላል የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። እናቴን ይዤ ስመላለስ ያዩ ሰዎች ናቸው የሚጠይቁኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። በአጭሩ፣ እኛ የታከምንበት የግል ማዕከል ጥሩ ነው። በኮሮና ጊዜ ደግሞ በጣም ጥሩ ነበር። ጥሩ የምለው ግን ማሽኑ አዲስ ስለሆነ አይደለም፣ ዶክተሩ ስም ስላለውም አይደለም። አንዱ ታካሚ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ስላየሁ ነው። የምጽፈውም በአብዛኛው ስለዚያች ጊዜ ነው።

ስሙን አልጠቅስም። ወቀሳም አለኝና አንድን ቤት ነጥዬ ማስወቀስ አልፈልግም። ደግሞ ስም ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። ነርስ ይቀየራል፣ አስተዳዳሪ ይቀየራል፣ ትናንት ንጹህ የነበረ ክፍል ዛሬ እንደዚያው ላይሆን ይችላል። ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ የትም ብትሄዱ ራሳችሁ ትለያላችሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ የሚያሳይ ምርመራ ነው። በታች በኩል ሲሆን ኮሎኖስኮፒ ይባላል። ቱቦው ውስጡ ድፍን አይደለም። አየርና ውሃ የሚነፋበት፣ ፈሳሽ የሚመጠጥበት፣ ናሙና መቁረጫው የሚገባበት ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኛ አካባቢ ይሄ ምርመራ ቅንጦት አይደለም። ጨጓራ የሚያመው ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ የብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ አለ፣ ቁስለትም ያመጣል። ከዚያ ላይ ጣና አለ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ የቆየ ችግር ነው። ውሃው ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥቃቅን ትል በቆዳ ይገባል፣ ከአንጀት በሚመጡ የደም ሥሮች ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ጉበት ላይ እየተከማቸ ጠባሳ ይፈጥራል። ዓመታት ሲያልፉ ደሙ በጉበት በኩል ማለፍ ስለሚያቅተው የምግብ ቧንቧ ላይ ያሉ ሥሮች ይወጠራሉ። አንድ ቀን ይፈነዱና ሰውየው ደም ያስታውካል። ያንን የሚያቆመው አንዱ መንገድ በኢንዶስኮፒ ገብቶ የተወጠረውን ሥር በላስቲክ ቀለበት ማሰር ነው። ዓሣ አስጋሪ፣ ልብስ በሐይቁ የሚያጥብ፣ ልጅነቱን ውሃ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ሁሉ ይሄ ይመለከተዋል። ስለዚህ ወረርሽኝ መጣ ተብሎ በሩ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ የሚባል ክፍል አይደለም።

ወረርሽኙ ግን መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ባለ በ2ኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። በወሩ መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች። ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ባጃጅ የለም፣ ገበያው ጭር ያለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ጣራ የነካበት ሰሞን። በዚያው ወር የእንግሊዝ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ለድንገተኛ ካልሆነ በቀር ኢንዶስኮፒ ይቁም ብሎ ነበር። ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ነገር አደረጉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታካሚው ማስኩን ያወልቃል። አፉን ይከፍታል። ቱቦው ጉሮሮውን ሲያልፍ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስለዋል፣ አንዳንዴ ያስታውካል። ዶክተሩና ነርሷ ፊቱ ላይ አጎንብሰው ነው የሚሠሩት። በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ከዚህ የተመቸ ቦታ አያገኝም። የኮሮና ቫይረስ የዘር ቅንጣት በሰገራም ውስጥ ተገኝቷል፣ ስለዚህ በታች በኩል ነው የሚሠራው ብሎ መዝናናትም አይቻልም ነበር።

እናቴ ለዓመታት ጨጓራዬ ጨጓራዬ ስትል የኖረች ሴት ናት። ከተማው ከተከፈተ በኋላ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ያጥራት ጀመር። ዶክተሩ ደሟን አይቶ ይሄ ነገር ከውስጥ እየደማ ነው፣ መታየት አለበት አለን። ፈራን። በሽታውንም፣ ሆስፒታል መሄዱንም። ዕድሜዋ ከ60 በላይ ነው፣ ያኔ ኮሮና የሚጨክነው በነማን ላይ እንደሆነ እየሰማን ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ሌላ ቦታ ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ሰው አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደርድሯል። ሁሉንም ሰው ለጠዋቱ 2 ሰዓት ቀጥረውት ስለነበር ሁሉም እኩል መጥቷል። መስኮቱ የተዘጋ ነው፣ መጋረጃም ተጋርዶበታል። ከውስጥ የሳል ድምፅ ይሰማል፣ በሩ ይከፈታል፣ የፊተኛው ታካሚ አፉን በሶፍት እየጠረገ ሲወጣ ወዲያው የሚቀጥለው ስም ይጠራል። ስንት ቱቦ ነው ያላችሁ፣ በመሃል መቼ ነው የሚታጠበው ብዬ ጠየቅሁ። «ሐኪም ነዎት እንዴ?» ተባልኩ። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እናቴን ይዤ ወጣሁ። ደም እያስታወከች ቢሆን ኖሮ እዚያው አሠራት ነበር፣ ይሄንን ልብ በሉልኝ፤ እየደማ ያለ ሰው ክፍል አያማርጥም። እኛ ግን ዶክተሩ ጥቂት ቀን መቆየት ትችላለች ብሎን ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ነው አሁን የምገመግመው።

ልዩነቱ ከስልኩ ይጀምራል። ቀጠሮ ስይዝ ያነሳችው ልጅ ትኩሳት አለ ወይ፣ ሳል አለ ወይ፣ ሽታና ጣዕም ጠፍቷል ወይ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ የራሳችንን ሰዓት ሰጠችን። ሁሉም በ2 ሰዓት ይምጣ የሚባል ነገር የለም። አስታማሚ አንድ ብቻ። እኔን ጨምሮ ብዙ ሰው በዚህ ቅር ይለዋል፤ በሽተኛ ብቻውን የሚላክበት ባህል የለንም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልከተል ይላል። ግን ትክክል ነበሩ።

ማረፊያው ግቢው ውስጥ ነው፣ ዛፍ ሥር። ወንበሮቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል። በር ላይ ውሃና ሳሙና አለ፣ ውሃው ደግሞ በእርግጥ ይወርዳል። ሙቀት ይለካሉ። ሙቀት መለካቱን እንደ ትልቅ ነገር ለሚያይ ሰው ግን አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ቫይረሱን ይዞ ትኩሳት የለውም ነበር። ይሄንን ዶክተሩ ራሱ ነው የነገረን። «ግንባር ላይ የሚለካው ለእኛ ምንም ዋስትና አይሰጠንም፣ የገባውን ሰው ሁሉ ቫይረሱ እንዳለበት ቆጥረን ነው የምንሠራው» አለን። ይሄ አነጋገሩ አሳመነኝ። አንዱን ጠርጥሮ ሌላውን አምኖ መሥራት በዚያን ጊዜ ትርጉም አልነበረውም።

እኛ እየጠበቅን ሳለ ከዘጌ በኩል አንድ ዓሣ አስጋሪ ደም እያስታወከ በባጃጅ መጣ። ወዲያው ከእኛ ፊት አስገቡት። ቤተሰቡ የቀጠሮም የምርመራ ወረቀትም አልያዘም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ድንገተኛ ሲመጣ እንዲህ መሆን አለበት። የዘገየነው እኛ ነን፣ ምንም አልከፋንም።

እሱ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ባዶውን ቆየ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚነጫነጨው። አንድ አባት «ምን ይጠብቃሉ፣ አልጋው ባዶ አይደለም እንዴ» አሉ። ሲስተሯ ወጥታ በእርጋታ አስረዳች፤ ሰው ሲያስለውና ሲያስታውከው የሚወጣው ጥቃቅን ጠብታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ዓይን አያየውም፣ እስኪወጣ መጠበቅ አለብን አለች። የዚህ ነገር ቁጥር አለው። የአንድ ክፍል አየር በሰዓት 12 ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ከሆነ 99.9 ከመቶ የሚሆነውን ለማስወጣት 35 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ ብቻ የሚቀየር ከሆነ 69 ደቂቃ። መስኮቱ ተዘግቶ ጭራሽ የማይቀየር ከሆነ ደግሞ አስቡት።

ውድ ማሽን አልነበራቸውም። ትልልቅ ሆስፒታሎች አየሩን ወደ ውስጥ ብቻ የሚስብ ልዩ ክፍል አላቸው ይባላል፣ እዚህ እንዲያ ያለ ነገር የለም። ያደረጉት ቀላል ነው። በጓሮ በኩል ሰው የማያልፍበት መስኮት ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ፋን ገጠሙ። የኮሪደሩን በር ዘጉ። ባሕር ዳር የአየር ንብረቱ የታደለ ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣ ንፋስ አለ፣ መስኮት ከፍቶ መሥራት የሚከለክል ብርድ የለም። ይሄንን ጸጋ ይዘን በተዘጋ ክፍል ውስጥ መታፈናችን ያናድደኛል።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ተማሪ የለም፣ ገባ ወጣ የሚል የለም። ሁሉም ሙሉ ጋውን፣ ድርብ ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ ፕላስቲክና ጥብቅ ያለውን ኤን 95 ማስክ አድርገዋል። ዶክተሩ ጺሙን ተላጭቷል። ለማማር አይደለም፤ ኤን 95 ፊት ላይ ካልተጣበቀ አየሩ በጎን ነው የሚገባው፣ ጺም ካለ አይጣበቅም። እናቴ ማስኳን ያወለቀችው አልጋው ላይ ከተጋደመች በኋላ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ጉሮሮ ማደንዘዣውንም በሚነፋው ስፕሬይ ሳይሆን በሚዋጥ ጄል ነው የሰጧት። ስፕሬዩ ሰው ያስለዋል፣ በዚያ ሰሞን አይመከርም የተባለውም ለዚህ ነው። ሲስተሯ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «አይዞዎት እማማ፣ በአፍንጫዎ ብቻ ይተንፍሱ» ስትላት ይሰማኝ ነበር። እኔ በሩ ላይ ባለችው መስታወት ነው የማየው።

ሲጨርሱ ልብሱን ያወላለቁበት መንገድም በዘፈቀደ አይደለም። ጓንት ቀድሞ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጋውን፣ እጅ ይጸዳል፣ የፊት መሸፈኛ ይወልቃል፣ ማስኩ የሚወልቀው መጨረሻ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ነው፣ እጅ እንደገና ይታጠባል። ሰው ብዙ ጊዜ ቫይረሱን የሚያስገባው ሲያወልቅ ነው። ደክሞት፣ አልቋል ብሎ፣ በቆሸሸ ጓንት ማስኩን ሲነካ። እነሱ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ቆሞ ያየዋል። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ ሌላ ቦታ ግን አላየሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቱቦው።

ጠየቅሁ፣ የት ነው የምታጥቡት አልኩ። ሲስተሯ አልተቆጣችም። እንዲያውም ደስ አላት መሰለኝ፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም ይሆናል። መግባት አይፈቀድም፣ ግን በሩ ላይ ቆሜ እንዳይ ፈቀደችልኝ። የቆሸሸው በአንድ በር ይገባል፣ የጸዳው በሌላ በኩል ይወጣል። ሁለቱ አይገናኙም።

ሥራው የሚጀምረው ገና አልጋው አጠገብ ነው። ቱቦው ከሰው አፍ እንደወጣ ወዲያው ውጭው በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ያው ውሃ በመምጠጫው መተላለፊያ ውስጥ ይሳባል። ካደረ ወይም ከደረቀ አበቃ፣ ደሙና ንፍጡ ውስጥ ይጋገራል። ከዚያ በተከደነ ዕቃ ወደ እጥበት ክፍል ይሄዳል። እዚያ መጀመሪያ አየር ተነፍቶበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። አረፋ ከወጣ የሆነ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው፣ እስኪጠገን ድረስ ሰው ላይ አይውልም። ቀጥሎ ኢንዛይም ባለው ሳሙና በእጅ ይታጠባል፣ ረጅም ቀጭን ብሩሽ በእያንዳንዱ መተላለፊያ ውስጥ ይመላለሳል፣ ብሩሹ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።

ብዙ ሰው ይሄን ክፍል ንቆ ኬሚካሉን ነው የሚያከብረው። ኬሚካሉ ውስጥ ከዘፈዘፍነው ምን ቀረ ይላል። ሽሮ የደረቀበት ድስት ላይ በረኪና ብታፈሱበት ሽሮው አይለቅም፣ ከሥሩ ያለውም አይነካም። ቱቦውም እንደዚያው ነው። በብሩሽ ያልተፋቀ ቆሻሻ ሥር ባክቴሪያ ተሸሽጎ የራሱን ሽፋን ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ኬሚካል በቀላሉ አይደርስበትም። ለነገሩ የኮሮና ቫይረስ ራሱ በዚህ በኩል ደካማ ነው። ከላይ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙናና የተለመዱት ኬሚካሎች በቀላሉ ይገድሉታል። ደንበኛ እጥበት ባለበት ቤት በቱቦው በኩል ይተላለፋል ብሎ መፍራት አያስፈልግም፣ የሚያስፈራው በአየሩና በሰው እጅ ነው። ቱቦውን በተመለከተ የምፈራው ከኮሮና በፊትም የነበሩትን፣ ከኮሮና በኋላም ያሉትን ነው። ግትር ባክቴሪያዎች፣ የጉበት ቫይረሶች፣ ኤች ፓይሎሪ ራሱ።

ከታጠበ በኋላ በውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ነው ኬሚካሉ ውስጥ የሚገባው። እነሱ የሚጠቀሙት 2 ከመቶ ግሉታራልዴሃይድ ነው። 20 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተነክሮ፣ መተላለፊያዎቹም ውስጥ ገብቶ መቆየት አለበት። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበረ፣ ሲስተሯ የገባበትን ደቂቃ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በወረቀት መመርመሪያ ኃይሉ መኖሩን ያያሉ፣ ምክንያቱም በተደጋጋሚ ሲነከርበት ውሃ እየቀላቀለ ይደክማል። ቀኑ አላለፈም ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሽታው እኔን በር ላይ ቆሜ ዓይኔን አቃጠለኝ። ነርሶቹ ሳንባቸው ይጎዳል፣ አስም የሚያመጣባቸው አሉ። እዚህም መስኮትና ማስክ ያስፈለገው ለቫይረስ ብቻ አይደለም። ስለነሱ የሚያስብ ሰው መኖር አለበት።

ለምን አይቀቀልም የሚል ሰው ይኖራል። ቱቦው ሙቀት አይችልም። መቀስና ፒንሳ እንደሚቀቀለው በእንፋሎት ማሽን ቢገባ ይበላሻል። ናሙና መቁረጫው ግን የሰውን ሥጋ ስለሚቆርጥ ወይ አንዴ ብቻ ተጠቅመው የሚጥሉት፣ ወይ በእንፋሎት የሚቀቀል መሆን አለበት። ይሄንንም ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ ንጹህ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል፣ 70 ከመቶ አልኮል በመተላለፊያዎቹ ይሰደዳል፣ በአየር ግፊት ይደርቃል፣ ከዚያ ቁልቁል ይሰቀላል። ይሄ ማድረቅ የሚባለው ቀላል ይመስላል። እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚያድር ቱቦ ጠዋት ላይ ባክቴሪያ አርብቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ቱቦው ከሻንጣ ሲወጣ ካያችሁ ጠይቁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ።

እናቴ ቁስለት ነው የተገኘባት፣ ናሙናውም ኤች ፓይሎሪ አለ አለ። መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ዳነች። ያኔ ኮሮናም አልያዛትም፣ እኔንም አልያዘኝም። ይሄ በነሱ ጥንቃቄ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ የያዝኩት እርግጠኝነት ከመጀመሪያው ቤት የተለየ ነበር።

ወቀሳዬ ምንድን ነው? አንደኛ ሂሳብ ክፍሉ። ውስጥ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ፣ ሰው ሊከፍል ሲመጣ በአንዲት ጠባብ መስኮት ፊት ተገፋፍቶ ይሰለፋል። ካሸሪዋ ማስኳን አገጯ ላይ አድርጋ ነው የምትጮኸው። የመከላከሉን ነገር ዶክተሩና ሲስተሯ ብቻቸውን የሚሠሩት አድርገው ያዩታል፤ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም፣ ካሸሪዋም ውስጥ ካልገቡበት ግማሹ ፈሰሰ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ጽዳት የምትሠራው ልጅ የለበሰችው ተራውን የጨርቅ ማስክ ነበር። ያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ቀድማ የምትገባው እሷ ናት፣ ለሷ ነበር ኤን 95 የሚገባው።

መብራትም አለ። ከእኛ በኋላ ባለው ታካሚ ላይ መብራት ሄደና ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ መምጠጫው ቆመ። ባሕር ዳር መብራት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። ሰው አፉ ውስጥ ቱቦ ይዞ ምራቁ ሲሞላበት መምጠጫ ከሌለ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ሲያስለው ደግሞ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይበተናል። ለመምጠጫው ብቻ የሚሆን ባትሪ መግዛት ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም።

ሌላው ወጪው ነው። ጓንት፣ ጋውን፣ ማስክ ለየብቻ አስከፈሉን። ዕቃው በጠፋበት ሰሞን ይገባኛል። ግን ቀድሞ መነገር ነበረበት። ከገጠር የመጣ ሰው የቆጠራትን ብር ይዞ ነው የሚመጣው፣ በር ላይ ሌላ ሂሳብ ሲጠራበት ተሸማቆ ይመለሳል።

በቅርቡ ደግሞ አክስቴን ይዤ እዚያው ተመለስኩ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፣ ማንም ከዚያ በኋላ ማስክ አድርጉ ብሎ አይጮህም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ምን እንደቀረና ምን እንደጠፋ ለማየት ግን ጓጉቼ ነበር።

እጥበት ክፍሉ እንዳለ ነው። መዝገቡም፣ ሰዓቱም፣ ቁም ሣጥኑም አለ። እንዲያውም ሁለተኛ ቱቦ ጨምረዋል፣ ስለዚህ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል፣ ማንም አይጣደፍም። የግል ሰዓት መስጠቱም ቀርቷል ብዬ ነበር፣ አልቀረም። በዚህ በጣም ነው ደስ ያለኝ። መስኮቱ ግን ተዘግቷል። ፋኑ ተነስቶ ቦታው በካርቶን ተደፍኗል፣ ማቀዝቀዣ ስለገባ። ማቀዝቀዣው ያንኑ የክፍሉን አየር ነው መልሶ መላልሶ የሚያዞረው፣ አዲስ አየር አያስገባም። እዚያ ክፍል ገብቶ የሚያስለው ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል፣ ጉንፋን ሊኖርበት ይችላል። ቲቢ ከኮሮና በፊትም በአየር ይተላለፍ ነበር፣ አሁንም ይተላለፋል። ለሲስተሯ ነገርኳት፤ ያችው ሲስተር ናት፣ አልተቀየረችም። «እኔም ብያቸዋለሁ፣ ደንበኛ ይሞቀዋል ይሉኛል፣ እናንተ አስተያየት መስጫው ላይ ብትጽፉልኝ ይሻላል» አለችኝ። ጻፍኩ። እናንተም ከሄዳችሁ ጻፉ፣ ሠራተኛዋ ብቻዋን ከምትከራከር ደንበኛው ሲናገር ይሰማል።

ቤት ለምትመለሱ ደግሞ አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ከምርመራው በኋላ በሽተኛው ቢያስታውክ ወይም ደም ቢፈስ፣ መጀመሪያ ጓንት አድርጉና በሶፍት ወይም በጨርቅ አንሱት፣ ከዚያ ነው በረኪና። 5 ከመቶ የሆነውን የቤት በረኪና 1 ኩባያ በ9 ኩባያ ውሃ ለደምና ለትውኪያ፣ 1 ኩባያ በ49 ኩባያ ውሃ ደግሞ ለወለልና ለጠረጴዛ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ያደረው ኃይሉን ያጣል። ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉት፣ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሽታውን እየሳባችሁ አትሥሩበት፣ መስኮት ክፈቱ። ደም በብዛት ካስታወከ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ግን ጽዳቱን ተዉትና ወደ ሐኪም ሩጡ፣ ለሊትም ቢሆን።

ቀጠሮ ልትይዙ ስትደውሉ ሦስት ነገር ብትጠይቁ ይበቃችኋል። በአንድ ታካሚና በሚቀጥለው መካከል ምን ያህል ጊዜ ትሰጣላችሁ? ቱቦው በምን ይታጠባል፣ ለስንት ደቂቃ ይነከራል? ክፍሉ መስኮት አለው ወይ፣ ይከፈታል ወይ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ደቂቃ ይመልስላችኋል። ጥያቄው ካስቆጣቸው ሌላ ጋ ደውሉ፣ ከተማው ውስጥ አማራጭ አለ። ከባድ ከሆነ ደግሞ የመንግሥቶቹ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም፣ እዚሁ ናቸው።

ባዶ ሆድ መምጣት አለባችሁ፣ ስለዚህ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ። ሰኞ አትሂዱ፣ ሰኞ ሂሳብ ክፍሉ ከሰው ብዛት አያስገባም። አክስቴ ለቁጥጥር የምትመለስበት ቀጠሮ ተይዟል፣ ያኔ መስኮቱ ተከፍቶ እንደሆነ አይቼ እዚሁ እጨምርበታለሁ።